በሦስተኛው ቀን ተሽሎኝ በአራተኛው ለምን ባሰብኝ? የጥበብ ጥርስ ከወጣ በኋላ ስላለው ቁስል

ጠያቂያችን የ28 ዓመት ወጣት ናቸው። ዱባይ ይሠራሉ። ለዓመት ዕረፍት አዲስ አበባ መጥተው ሳለ፣ በታችኛው ግራ መንጋጋቸው ላይ በከፊል አጥንት ውስጥ ተቀብራ የነበረች የጥበብ ጥርስ ድዱ ተከፍቶ ወጣችላቸው። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን እየቀለላቸው መጥቶ ነበር፤ በአራተኛው ሌሊት ግን ሕመሙ ተመልሶ ወደ ጆሮ እየወጣ እንቅልፍ ነሳቸው። በሞባይል መብራት ሲያዩት ጉድጓዱ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር አለ። አፋቸው ይሸታል፣ ከሁለት ጣት በላይም አይከፈትም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው ጀምረዋል፣ ዘመድ ትራማዶል ሰጥቷቸዋል፣ እናታቸው ደግሞ በአረቄ ተጉመጥመጪ ብለዋቸዋል። ጾም ላይ ናቸው። ከስምንት ቀን በኋላ ይበርራሉ። «መግል ይዞብኝ ይሆን? ጉድጓዱስ መቼ ነው የሚደፈነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እህቴ፣ እንደገለጹት ከሆነ ይህ የጥርስ ሐኪሞች «ድራይ ሶኬት» የምንለው ነገር ይመስላል። ጉድጓዱ ውስጥ ረግቶ አጥንቱን መሸፈን የነበረበት ደም ጊዜው ሳይደርስ ጠፍቶ፣ አጥንቱ ያለ ልባስ ቀርቷል ማለት ነው። ለሕይወት አያሰጋም፤ ሕመሙ ግን ብርቱ ነው፣ ታግሶ ማሳለፍም ግዴታ የለብዎትም። ቀጠሮዎ ባይደርስም ነገ ጠዋት ጥርሱን ወዳወጣልዎ ሐኪም ይመለሱ። ጉድጓዱ ታጥቦ መድኃኒት ሲቀመጥበት አብዛኛው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፋታ ያገኛል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አፍዎን ከፍቶ የሚያየው ሐኪም ነው፤ እኔ ከዚህ በታች የምለው ለምን እንዲህ እንዳሰብኩና እስከዚያው ምን ቢያደርጉ እንደሚበጅ ነው።

ከጻፉት ሁሉ ጎልቶ የታየኝ ነጩ ነገርም ሽታውም አይደለም፤ «እየቀለለኝ መጥቶ ተመለሰ» ያሉት ነው። የጥበብ ጥርስ ከወጣ በኋላ ሕመሙ የሚሄድበት የታወቀ መንገድ አለ። ማደንዘዣው ሲለቅ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ይከብዳል፣ ከዚያ ቀን በቀን እየቀነሰ ይሄዳል። እብጠቱ ትንሽ ዘግይቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ላይ ጫፍ ይደርስና ይጎድላል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ጉንጭዎ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ቢያብጥ ነገሩ የተበላሸ እንዳይመስልዎ። ሕመሙ ግን አንድ ጊዜ መቀነስ ከጀመረ በኋላ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ ከበረታ፣ በተለይም ወደ ጆሮና ወደ ጆሮ ግንድ ከወጣ፣ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይ ሶኬት ነው። ለታካሚዎቼ ሁሉ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ጉድጓዱን በመስታወት እየደጋገሙ ከማየት ይልቅ፣ ሕመሙ ከትናንት ዛሬ ቀለለ ወይስ ከበደ ብለው ይጠይቁ። የጉድጓዱ መልክ ጤነኛ ሆኖ ሳለም ያስደነግጣል።

ጥርስ ሲወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ያ ደም ጎዙን ነክሰው በሚቆዩበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ መርጋት ይጀምራል። የረጋው ደም ደሙን ከማቆም ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው። ከጉድጓዱ ግድግዳ የሚነሱ አዳዲስ ሴሎችና ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚያድጉት በእሱ ውስጥ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከዳር ወደ መሐል መግባት ይጀምራሉ፤ ሳምንት ሲሆን የረጋው ደም ቦታውን ቀይ ለሆነ፣ ለስላሳና በቀላሉ ለሚደማ አዲስ ሥጋ ይለቃል። አጥንቱ ከታች፣ ድዱ ከላይ የሚሠሩት በዚያ ሥጋ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፣ አያጭሱ» እያልን የምንወተውተው ያን የረጋ ደም ለማቆየት ነው።

አሁን «ምን አድርጌ ነው የጠፋው?» ብለው ራስዎን እየወቀሱ ይሆናል። እባክዎ ይተዉት። ድራይ ሶኬት የሚለው ስም በ1896 እ.ኤ.አ. ክራውፎርድ በተባለ የጥርስ ሐኪም ከተጻፈ ወዲህ ምክንያቱ ብዙ ተመርምሯል። ቢርን የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ያቀረበውና ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፤ ጥርሱ ሲወጣ የተጎዳው አጥንትና በአካባቢው ያሉ ባክቴሪያዎች የረጋን ደም የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮችን ያነሳሳሉ፤ ደሙ ሥር ሳይሰድ ከውስጥ ሟሙቶ ያልቃል። ስለዚህ ትእዛዙን ሁሉ የጠበቀ ሰውም ያጋጥመዋል። በቀላሉ ከተነቀለ ጥርስ በኋላ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ይታያል። እንደ እርስዎ የተቀበረ የታችኛው የጥበብ ጥርስ ሲሆን ግን እስከ 30 መድረሱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠጣር ነው፣ የሚደርሰውም ደም ከላይኛው ያነሰ ነው፤ ምራቅና የምግብ ቅሪትም ወደዚያው ይወርዳል። ከላይ የወጣ ጥርስ ላይ ድራይ ሶኬት እምብዛም አናይም። ሲጋራና ሺሻ፣ ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት ድዱ ደጋግሞ አብጦ መግል ይዞ ማወቁ፣ ጥርሱን ለማውጣት ብዙ አጥንት መቆረጡ፣ እንዲሁም በእንክብል የሚወሰድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። የመጨረሻውን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። በዚህ የተነሳ ግን እንክብሉን አያቋርጡ፤ የሚጠቅመው ሌላ ጥርስ ከማስወጣትዎ በፊት ታስቦበት ቢሆን ነው።

ነጩ ነገር። ይህንን ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ተደናግጦ ጉድጓዱን በጥርስ ስንጥር ወይም በጥጥ ሲጎረጉር አይቻለሁ። ጉልበታችን ሲላጥ ቁስሉ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ አፍ ውስጥ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ያ ቅርፊት አይደርቅም፤ ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ፋይብሪን ይባላል፤ የመዳን ምልክት ነው፣ መነካት የለበትም። መግል ሌላ ነው። መግል ይፈስሳል፣ ድዱን ጫን ሲሉት ይወጣል፣ መጥፎ የጨው ጣዕም አለው፣ አብሮትም እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የአንገት ንፍፊት ይኖራል። በድራይ ሶኬት ደግሞ ጉድጓዱ ወይ ባዶ ሆኖ ታች ግራጫ ነጭ አጥንት ይታያል፣ ወይ የበሰበሰ ቅሪት ይዞ ይቆያል። እነዚህን በሞባይል መብራት መለየት ለእኛም ይከብደናል። ስለዚህ ማየቱን ይተዉት፤ ጣትም፣ ስንጥርም፣ መፋቂያም እዚያ አያስገቡ።

ሽታውና መጥፎው ጣዕም የድራይ ሶኬት አጃቢዎች ናቸው። ቦታው ሲታጠብ አብዛኛው ይጠፋል።

ነገ ክሊኒኩ ውስጥ ምን እንደሚደረግልዎ አስቀድመው ቢያውቁ ፍርሃትዎ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጥርስ ስባሪ ወይም የላላ አጥንት መቅረቱን ያያል፤ ከተጠራጠረ ራጅ ያነሳል። ከዚያ ጉድጓዱን ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ አድርጎ ያጥባል። ያማል፣ ግን አጭር ነው፤ ካልቻሉ ማደንዘዣ ይጠይቁ። ቀጥሎ ዩጂኖል ያለበት ማስታገሻ በትንሽ ጎዝ ወይም በሊጥ መልክ ያስቀምጣል። ዩጂኖል ከቅርንፉድ የሚገኘው ያ የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ነው። የሚቀመጠው ነገር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ልዩነት፣ ሕመሙ እስኪቆም ሊቀያየር ይችላል። አንድ ነገር ሳይጠይቁ እንዳይወጡ፤ የተቀመጠው በራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ መውጣት ያለበት ጎዝ? መውጣት ያለበት ከሆነ ከመብረርዎ በፊት መውጣቱን ያረጋግጡ። ተረስቶ የቀረ ጎዝ ራሱ ቁስሉን ያመረቅዛል። «እንደገና ደም እንዲሞላ ጉድጓዱን ፍቄ ላድማው» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ግን በትሕትና ይከልክሉት። በብርቱ መፋቅ ሕመሙንም ጉዳቱንም ይጨምራል እንጂ መዳኑን አያፋጥንም።

ወደ አሞክሳሲሊኑ ልምጣ። ድራይ ሶኬት በዋናነት የኢንፌክሽን ሕመም ስላልሆነ ጸረ ተህዋስያን መድኃኒት አይፈውሰውም። ሕመሙ የሚመጣው ከተጋለጠው አጥንት ነው፤ ካፕሱሉ ያን አጥንት አይሸፍንም። ብዙ ሰው አሞክሳሲሊን ውጦ ሲያይ ሳይሻለው ፍላጅል የተባለውን ሌላ ጸረ ተህዋስያን ይጨምርበታል፣ ከዚያ መርፌ ይለምናል፤ ሊታጠብ ይገባው የነበረው ጉድጓድ እንደዚያው ይቆያል። ይህን አጥብቄ የምናገረው በሀገራችን እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ መሸጣቸው፣ በእውነት በሚያስፈልጉን ቀን እንዳይሠሩ እያደረጋቸው ስለሆነ ነው። ጀምረዋልና ነገ ለሐኪሙ ስንት ቀን እንደወሰዱ ይንገሩት፤ የኢንፌክሽን ምልክት ካላገኘ ሊያስቆምዎ ይችላል፣ ካገኘ ደግሞ መጠኑን አስተካክሎ ያዝዝልዎታል። ፍላጅል ግን በራስዎ አይጨምሩ። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ማስመለስና የልብ ምት መጨመር ሊያመጣ ይችላል፤ በአረቄ መጉመጥመጥ ከታሰበ ደግሞ የባሰ ነው።

ለዛሬ ሌሊት ሕመሙን እንዴት ያስታግሱት? ለጥርስ ሕመም ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ተደምረው ሲወሰዱ ነው፤ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያግዛል። ኩላሊትዎና ጉበትዎ ጤነኛ ከሆነ፣ እርጉዝ ካልሆኑ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ አስም ወይም አስፕሪን አለመስማማት ከሌለብዎ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ መውሰድ ይችላሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1,200 ሚሊ ግራም አይለፉ። ፓራሲታሞል ደግሞ 500 ሚሊ ግራም የሆነውን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወስዳሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ክሊኒኩ ዳይክሎፌናክ አዞልዎ ወይም ወግቶዎ ከሆነ አይቡፕሮፌን አይጨምሩበት። ሁለቱ የአንድ ወገን ናቸው፤ አብረው ሲወሰዱ ማስታገሱ ሳይጨምር ጨጓራና ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ይደራረባል።

ጾሙን በተመለከተ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው የምታስተናግድበት መንገድ አላትና የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ እኔ የምናገረው የሐኪሙን ድርሻ ብቻ ነው። በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን መዋጥ፣ በተለይ ጨጓራ ለሚያምሰው ሰው፣ አልመክርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ጠዋት ፓራሲታሞልን በውኃ ይውሰዱ፤ እሱ ያለ ምግብም ይወሰዳል። አይቡፕሮፌኑን ሲገድፉ ከበሉ በኋላ፣ ሁለተኛውንም ስምንት ሰዓት ቆይተው ማታ ከምግብ በኋላ ያድርጉት። ውኃ ግን ቀኑን ሙሉ ቢጠጡ ደስ ይለኛል። የደረቀ አፍ ቁስልን ያዘገያል፣ ሽታውንም ያብሳል።

እናትዎ ስለ አረቄው የተናገሩት ከልብ አስበው ነው፤ ብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ገና ያልጠነከረ ሥጋና የተጋለጠ አጥንት ነው። አልኮሉ ያን አዲስ ሥጋ ያቃጥለዋል። የሚሰማዎት ማደንዘዝ ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ብሶ ይመለሳል። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ድዱ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ድድን ሲያቃጥል አውቃለሁ። ቅርንፉድ ቢጠቅምም ፍሬውን አኝኮ ጉድጓዱ ላይ መያዝ ስባሪውን ውስጥ ያስቀራል፤ ንጹሕ ዘይቱን ማፍሰስም ድዱን ያቃጥላል። ሐኪሙ የሚያስቀምጥልዎ በልክ የተዘጋጀው ስለሆነ ለእሱ ይተዉት። ይልቅ እናትዎ ሊያግዙዎት ከፈለጉ ውኃ አፍልተው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙልዎ፣ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያድርጉበት። ያን ውኃ ይጎንጩ፣ ጭንቅላትዎን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ቁስሉ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ አፍዎን ከፍተው በራሱ እንዲፈስስ ያድርጉ። በኃይል አይጉመጥመጡ፣ እንትፍ ብለውም አይትፉት። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላና ከመተኛትዎ በፊት ይደጋገም። ሐኪሙ መድኃኒት ካስቀመጠ በኋላ ምን ያህል ማጠብ እንዳለብዎ እሱን ይጠይቁት፤ አንዳንዱ ማስታገሻ ቶሎ እንዳይወጣ ለአንድ ቀን እንዳይነካ ይፈለጋል። ሌሎቹን ጥርሶችዎን በብሩሽ ማጽዳትዎን አያቋርጡ። ቁስሉን ፈርተው ጥርሳቸውን ሳያጸዱ ሳምንት የሚሰነብቱ ሰዎች ድዳቸው አብጦ ይመጣል።

አፍዎ አለመከፈቱ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ጥርሱ አጠገብ የሚያልፉት የማኘኪያ ጡንቻዎች ከቀዶ ሕክምናውም ከማደንዘዣው መርፌም የተነሳ ይቆጣሉ። ሁለት ጣት የሚገባ ከሆነ ለአምስተኛ ቀን መጥፎ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣት ያህል ይከፍታል። በረዶ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስለነበር አሁን ይተዉት፤ በሞቀ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ጉንጭዎ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ያኑሩ፣ ቀጥሎም ሕመሙ እስከሚፈቅድልዎ ድረስ አፍዎን ቀስ ብለው አሥር ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ። ይህን በቀን አራት አምስት ጊዜ ቢያደርጉ በአንድ ሁለት ሳምንት ይላቀቃል። ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ግን ያ ሌላ ምልክት ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ምግብ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የአጃ አጥሚት፣ በርበሬ ያልበዛበት ቀዝቀዝ ያለ ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ በቀኝ በኩል እያኘኩ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ እነዚህ ጾሙንም አይነኩም። ቆሎ፣ ሙሉ ተልባና ሰሊጥ፣ ከሁሉ በላይ ፈንድሻ ለአንድ ወር ይራቁ። የፈንድሻ ቅርፊት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተለጥፎ ሲቀር ለማውጣት የምንቸገርበት ነገር ነው። ቡናውን ይጠጡ፣ ግን በረድ ብሎ። ትኩስ ቡና በመጀመሪያው ቀን ደም እንዲፈስስ ያደርጋል፤ አሁን ደግሞ የተጋለጠውን አጥንት ሲነካው ያዘልላል። ይህን የምታነቡ ሌሎች ጥርሳችሁን ልታስወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ቢያንስ ለሳምንት ተዉ።

ጉድጓዱ መቼ ይደፈናል ላሉት፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚደፈኑት። ድዱ ከላይ የሚገጥመው ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ድራይ ሶኬት ያጋጠመው ቁስል ሥራውን ከግድግዳው እንደ አዲስ ስለሚጀምር አንድ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ መጨረሻው ግን ያው ነው፣ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ አይቀርም። ብርቱው ሕመም ደግሞ በአግባቡ ከታከመ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይለቃል። ከድዱ ሥር አጥንቱ ራሱን የሚሞላው በወራት ነው፤ ሁለት ወር ገደማ ላይ ገና ለጋ አጥንት ይኖራል፣ ራጅ ላይ የቀድሞው ጉድጓድ መስመር የሚደበዝዘው ከአራት እስከ ስድስት ወር ነው። በዚህ መሐል ዱባይ ሆነው ምላስዎ ላይ ስል ነገር ሊነካዎት ይችላል። ይህ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ሰውነት ወደ ውጭ እየገፋው ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል፣ ካልወጣ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም በደቂቃ ያነሳዋል።

ከንፈርዎ፣ አገጭዎ ወይም የምላስዎ ግራ ጎን አሁንም ደንዝዞ ከሆነ በጥያቄዎ ላይ አላነሱትም፤ ካለ ግን ነገ ይናገሩ። የታችኛው የጥበብ ጥርስ ሥር ከነርቭ ጋር ተጠግቶ ስለሚያድግ ነርቩ ሊቆጣ ይችላል። አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ተመዝግቦ መከታተል አለበት።

አሁን ነገን ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱትን ልንገርዎ። እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከአገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደና ከጠነከረ፤ ምራቅዎን መዋጥ ካቃተዎት፤ ምላስዎ ወደ ላይ የተገፋ ከመሰለዎት፤ ድምፅዎ ከታፈነ፤ መተንፈስ ከከበደዎት፤ አፍዎ በየሰዓቱ እየጠበበ ከሄደ፤ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከያዘዎት። በምላስ ሥርና በአንገት የሚሰራጭ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ስለሚችል እዚህ ላይ ትዕግሥት ቦታ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ደም ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ጎዝ አጥፈው ቁስሉ ላይ ነክሰው ሳያነሱ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጎዝ ካጡ በፈላ ውኃ ተነክሮ የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢትም ይሠራል፣ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደምን ለማርጋት ያግዛል። ከዚያም በኋላ ካልቆመ ይሂዱ። ምራቅ ላይ የሚታይ ፈዛዛ ቀይ ቀለም ግን ደም መፍሰስ አይደለም።

ጉዞው። የታችኛው ጥርስ ስለሆነ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መብረር በራሱ ችግር የለውም። ወደ ሳይነስ (ከላይኛው ጥርስ በላይ ወዳለው አየር የያዘ ክፍተት) የተከፈተ የላይኛው ጥርስ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ነገ ሲሄዱ ስፌቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሐር ክር ከሆነ በሰባተኛው ቀን አካባቢ መውጣት አለበት፣ የሚሟሟ ከሆነ ራሱ ይረግፋል። ከመሄድዎ በፊት የተደረገልዎ ሕክምና፣ የተቀመጠው መድኃኒትና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት፣ የራጁንም ቅጂ ይዘው ይውጡ። እዚያ ያለው ሐኪም ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም፣ እርስዎም ሁለተኛ ራጅ አይከፍሉም።

ዘመድዎ የሰጡዎትን ትራማዶል ደግሞ አይውሰዱት። ለዚህ ዓይነት ሕመም ከላይ ከጻፍኩልዎ ከሁለቱ አይበልጥም፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ማስመለስ ደግሞ አሁን የመጨረሻ የሚፈልጉት ነገር ነው። በሻንጣዎም ሆነ በእጅ ቦርሳዎ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትራማዶል በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው፤ ኮዲን ያለባቸው ማስታገሻዎችም እንዲሁ። በሐኪም ማዘዣና አስቀድሞ በተገኘ የጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ካልሆነ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን በየፋርማሲው ያለ ችግር ያገኛሉ።